ከሽታዬ ቤት መልስ

አራተኛ ፎቅ ነው የተከራየሁት፣ ቱሉ ዲምቱ ዳርቻ፤
ሊፍት የተባለው ጉድጓድ ነው ብቻ።
ዛሬ ግን ያቃተኝ ደረጃው አይደለም፤
ከፍራሽ እስከ ባልዲው እንዲህ ርቆ አያውቅም።

ጭንቅላቴ ጣሳ፣ ሚስማር የሞላበት፣
ዘወር ባልኩ ቁጥር የሚንኳኳበት።
ምላሴ ምንጣፍ ነው፣ ደረቴ ምድጃ፤
ለዓይኔ አልበቃ አለው ይሄ መጋረጃ።
ምድር ቤት ያለ ሰው ሽንኩርት ያቁላላል፤
ሽታው በደረጃ፣ ሆዴ በጉሮሮ ሽቅብ ይወጣል።
ፎርማኑ ሦስቴ ደወለ። አላነሳሁም።
ምን ብዬ አነሳለሁ? ድምፄን አላገኘሁም።

አራት ቢራ ነበር፤ ካላመናችሁኝ
ከጃኬቴ ኪስ ውስጥ ቆርኪውን ቁጠሩልኝ።
አራት ቢራ፣ እኔን?
ሲሚንቶ ተሸክሜ ሰባት ፎቅ ወጪውን?

ባለፈው ወር እኮ፣ ያ ዝናብ የጣለ ሌት፣
ሲጋራ በፍሬ የሚሸጠው ልጅ የቀረበት፣
ያው እዚያው ወንበር ላይ፣ ያው አራት ቢራ፣
ያው ሽታዬ ቤት፣ ያው ከጉደታ ጋራ፤
ጠዋት ጥም ቀሰቀሰኝ፣ ጥም ብቻ፤ ውሃዬን ጠጣሁ፣
ሹራቤን ደርቤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ወጣሁ።
ታዲያ ትናንት ማታ ምን ተጨመረ?
አሥራ አንድ ፍሬ። አሥራ ሁለት፣ የለመንኩት ከተቆጠረ።

«ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው» ብላ ሽታዬ በካርቶን ጽፋለች፤
ቅጣቱን ፈርታ ነው እንጂ እሷም በጓሮ ታጨሳለች።
ጉደታ አያጨስም፤ ወንበሬን ይጠብቃል፤
እኔ ጠርሙሴን ይዤ ስወጣ «መጣህ?» ሳይሆን «ሄድክ?» ይላል።
ከገላን በኩል የሚመጣው ንፋስ ሲመታኝ በደጁ፣
ክብሪት ለሁለት ሲሞት፣ ሦስተኛው ሲበራ በእጁ፣
ያን ጢስ ወደ ውስጥ ሳብ ሳደርገው በቀስታ፣
«አልሰከርክም» አለኝ፣ እንደ ሐኪም፣ በእርጋታ።
አልሰከርኩም! ፊቴ ቀዝቅዟል፣ እግሬም ቀጥ ብሏል፤
ጢሱ ግን ስካሬን አላባረረው፣
ብርድ ልብስ አልብሶ አስተኝቶት ኖሯል።
የተኛ ሁሉ ደግሞ ሲነጋ ይነሳል።

እንግዲህ ሁለቱ ተያይዘው ቆሙ በባዶ ሆዴ ችሎት።
ቢራው፦ «ጌታዬ፣ እኔ የማመጣው ጥም ነው፤ ተልባ ይበቃዋል፤
ደረቱን ያነደደ፣ እንቅልፉን የቀማ ያ ጢሳም ነው፤ ይጠየቅ» ይላል።
ሲጋራው፦ «ብቻዬን ስመጣ ሳል እንጂ መቼ ሚስማር አመጣሁ?
በር ከፍቶ የጠራኝ እሱ ነው፤ እኔ ተጠርቼ ነው የመጣሁ።»
ዳኛው ራሴ ነው። ራሴ ታሟል።
መዝገቡ ለማታ አንድ ሰዓት፣ ሽታዬ ቤት፣ ተቀጥሯል።

ከዚያ ክብሪት ፈለግሁ። ለምድጃው ነው ልበል?
የሱሪዬን ኪስ ስዳብስ፣ አንድ ነገር ቅጭል።
ሦስት ቆርኪ።
በሦስቱም አመድ ሞልቷል፤
ከደጅ ቆሜ መተርኮሻ ያደረግኳቸው፣
ልቤ ሳይቆጥራቸው ኪሴ ያኖራቸው።
ሰባት!
ጉደታ አልነገረኝም፤ ወይ ነግሮኝ ይሆናል።
እያጨሰ የሚጠጣ ሰው ቁጥር መች ይሰማል?

ሸክም ሲጋሩት ነው የሚቀል ይባላል፤
የእኔን ቢራ ግን ሲጋራ ሲጋራው፣
እጥፍ ሆኖ አድሮ ራሴ ላይ ተጭኗል።

ቧንቧው ሳል ጀመረ። የውሃ ተራችን ዛሬ ነበር ለካ።
እኔም ሳልኩ፤ እሱም ሳለ፤
ባልዲዬን ደቅኜ እጠብቃለሁ፣
እስኪጠራ ድረስ፣ ከሁለት አንዳችን።